አረንጓዴው ውሃ ቢፈላስ?

የዚህ የጥያቄና መልስ ክር መክፈቻ ጥያቄ አምስት መስመር አይሞላም። ከቆቃ ሐይቅ ዳር በአህያ ጋሪ የሚመጣ ውሃ ላዩ ላይ አረንጓዴ ስልባቦት ይዟል፤ ሲያድርም እንደ ረጠበ ድርቆሽ ይሸታል። ጠያቂው ይህን ውሃ አፍልቶ፣ ሲበርድ ክሎሪን ጠብ አድርጎ ለትምህርት ቤት ልጆች ማቅረብ ይበቃ እንደሆነ ማወቅ ፈልጓል። ልጆቹ በሰንበት እዚያው ዳር ስለሚዋኙ የዋናው ነገርም አብሮ እንዲታይለት አክሏል። ከስሩ 26 መልስ ተደርድሯል። ቁጥራቸውን እየተከተልሁ ልተርከው።

1ኛው መላሽ ትሁት ነው። ጠያቂውን «እርስዎ» እያለ፣ ለአንድ ደቂቃ የተንተከተከ ውሃ ታይፎይዱንም አሜባውንም ስለሚገድል ስጋት እንዳይገባው አጽናናው። አረንጓዴው ነገር እንደ ጎመን ያለ ተክል ነው፣ ማንንም አይጎዳም አለ። ብዙ ሰው አመሰገነው።

2ኛው ምስጋናውን ሳያደፈርስ አረመው። ቆቃ ላይ የሚንሳፈፈው ዋቅላሚ (አልጌ የሚሉት) ተክል ሳይሆን ሳይኖባክቴሪያ፣ እንደ ተክል በፀሐይ የሚኖር ባክቴሪያ፣ ነው፤ በተለይም ማይክሮሲስቲስ የሚባለው፣ ማይክሮሲስቲን የተባለ የጉበት መርዝ የሚያመነጨው ዝርያ። መርዙ ሰባት አሚኖ አሲዶች ቀለበት ሠርተው የተያያዙበት ስለሆነ መቶ ዲግሪ ሙቀት አይፈታውም። አስር ሊትር ተጥዶ ተኖ ስምንት ሊትር ሲቀር የመርዙ ክምችት በሩብ ጨምሮ ይገኛል። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ያ እውነት ነው፤ እዚህ ግን ጠላቱ ጀርም ብቻ አይደለም።

3ኛው የክሩ ምሰሶ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ሁሉ በእሱ ዙሪያ ነው የሚዞረው። ማይክሮሲስቲስ በሕይወት ሳለ መርዙን አብዛኛውን ጊዜ ህዋሱ ውስጥ ይዞት ይኖራል፤ ወደ ውሃው የሚለቀው ሲሞት ወይም ሲፈነዳ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ዘዴ ሲቀርብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ህዋሱን እንዳለ ያወጣዋል ወይስ ያፈነዳዋል የሚለው ነው። ማፍላት ያፈነዳል። ክሎሪንን በቀጥታ አረንጓዴው ውሃ ላይ መጨመርም ያፈነዳል። በወንፊት፣ በጨርቅ፣ በአሸዋ ማጥለል ሳያፈነዳ ያወጣል። ለምሳሌም በአሜሪካ ኦሃዮ የቶሌዶ ከተማን አነሳ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 2014 የኤሪ ሐይቅ ማይክሮሲስቲን የተጣራው ውሃ ውስጥ በመገኘቱ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጡ ሲታዘዙ፣ ማስታወቂያው አታፍሉት የሚልም ነበረበት። እገዳው የተነሳው በሦስተኛው ቀን ነው።

4ኛው ባጭሩ፣ ታዲያ ክሎሪን ጨርሶ አይጠቅምም ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

5ኛው የማጣሪያ ጣቢያ ቋንቋ የሚናገር ሰው ነው፤ መልሱም ረጅም ነው። ክሎሪን የሟሟውን ማይክሮሲስቲን ይሰብረዋል፤ ግን ሁኔታው ሲሟላለት ብቻ። ፒኤቹ (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ከ8 በታች መሆን አለበት፤ ከ30 ደቂቃ ንክኪ በኋላም ቢያንስ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ነጻ፣ ማለትም ገና ያልተበላ፣ ክሎሪን መቅረት አለበት። ችግሩ ዋቅላሚ የሞላበት ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ፒኤቹ 9ን ያልፋል፤ ዋቅላሚው ፀሐይ እያገኘ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲስበው ነው እንዲያ የሚሆነው። ፒኤች 9 ላይ ከክሎሪኑ ኃይለኛ ሆኖ የሚቆየው ከመቶ ሦስት እጅ ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ላይ አረንጓዴው ሕያው ነገር ሁሉ ክሎሪኑን ይበላዋል። የክሎሪን ጠብታ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ክሎሪን መኖሩን በሮዝ ቀለም የሚያሳየው የዲፒዲ እንክብል ቢጣልበት ውሃው ሮዝ ሳይሆን ቢቀር አይደንቅም፤ ክሎሪኑ አልቋል ማለት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ በአልሙኒየም ሰልፌት አርግቶ ህዋሱን ከነመርዙ ማዝቀጥ፣ ቀጥሎ በአሸዋ ማጥለል፣ ክሎሪን መጨረሻ ላይ። የሟሟ መርዝ ከተገኘ ደግሞ ዱቄት አክቲቬትድ ካርቦን (መርዙን በቀዳዳዎቹ የሚይዝ የተዘጋጀ ከሰል) በሊትር ከ20 ሚሊግራም በላይ ከአሸዋው በፊት ይጨመራል፤ ጥቃቅን ብቻ ሳይሆን መካከለኛ ቀዳዳ ያለው ዓይነት፣ ለምሳሌ ከእንጨት የተሠራው፣ ይሻላል። ብዙ ጣቢያ የሚስተው ነገር ዝቃጩ ነው። የዘቀጠው ህዋስ በቀናት ውስጥ እየሞተ መርዙን ይለቃል፤ ከዝቃጩ ላይ የሚገኘው ውሃ ወደ ጣቢያው መግቢያ ከተመለሰ በበር የወጣው በመስኮት ገባ ማለት ነው። የአሸዋ ማጣሪያውም በዚያ ወቅት ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ይታጠባል።

6ኛው ለዚህ ሁሉ ጣጣ ምን አደረሰን ባይ ነው። ሐይቁ ዳር ኮፐር ሰልፌት ቢረጭ ዋቅላሚው በሁለት ቀን ይሞታል ሲል አቀረበ።

7ኛው ላይ ክሩ መሞቅ ጀመረ። 6ኛው የ3ኛውን መልስ ሳያነብ እንደጻፈ በግልጽ ነገረውና አውስትራሊያ ውስጥ የፓልም ደሴትን ታሪክ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1979 የደሴቲቱ የመጠጥ ውሃ ግድብ ዋቅላሚ ስለበዛበት ኮፐር ሰልፌት ተጨመረበት። በቀናት ውስጥ 148 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ጉበታቸው አብጦ፣ እያስመለሱና ኩላሊታቸው እየታወከ ሆስፒታል ገቡ። ዋቅላሚው ሞተ፤ ሆዱ ውስጥ የነበረውን ግን ለመንደሩ አወረሰ። ኮፐር የሚሠራ ከሆነ ገና ጥቂት ህዋስ ሳለ ነው፤ ስልባቦት ከያዘ በኋላ ግን መርዙን በቧንቧ እንደ መላክ ይቆጠራል ብሎ ዘጋ።

8ኛው ጨዋታውን ወደ ቢሾፍቱ ወሰደው። አረንጓዴ የሚባለው ሐይቅና የሻላ ጎረቤት ጭቱ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ናቸው፤ ፍላሚንጎው እሱን በልቶ ይኖራል፤ የቻድ ሰዎችም ያንኑ ዓይነት አድርቀው ይበሉታል፤ ፈረንጁ ደግሞ ስፒሩሊና እያለ በእንክብል ይሸጠዋል። አረንጓዴ ሁሉ መርዝ ነው ማለት ፍርሃት መንዛት ነው አለ።

9ኛው 8ኛውን «አንተ» ማለት ጀመረ። አረንጓዴ ሁሉ መርዝ ነው ያለ ማን ነው ሲል ጠየቀ። በሶዳ ሐይቆች፣ ፒኤቹ 10 በሚደርስበት ውሃ ውስጥ የሚነግሠው አርትሮስፓይራ፣ ያው ስፒሩሊና የሚባለው፣ ነው፤ ቆቃ ግን የጨው ሐይቅ አይደለም፣ እዚያ ያለው ማይክሮሲስቲስ ነው። ዘመዳሞች ናቸው፤ ቡላና መርዘኛ ሥር ሁለቱም ከመሬት ስለወጡ አንድ እንደማይሆኑት ነው። የኬንያዎቹ የቦጎሪያና የናኩሩ ሶዳ ሐይቆች ውስጥ ራሱ የሳይኖባክቴሪያ መርዝ ተገኝቶ ከፍላሚንጎ እልቂት ጋር መያያዙንም አነሳ። 10ኛው የ8ኛው የአጸፋ መልስ ነው፤ ግማሹ ስድብ ስለሆነ አልተርከውም። የቀረው ግማሽ ግን ትክክል ነበር፦ በዓይን አይቶ መርዘኛውን ከማይመርዘው መለየት አይቻልም፤ አንዱ ማይክሮሲስቲስ መርዙን የሚሠራውን ጂን ሲይዝ ሌላው ላይይዝ ይችላል።

11ኛው ሁለቱንም ገላገለና ወደ ጋሪው ውሃ መለሳቸው። በቤት የሚሠራ ቀላል ፈተና አለ። ጓንት አድርጎ፣ ጥርት ያለ የማር ጠርሙስ ሦስት አራተኛው ድረስ ከላዩ በታች ካለው ውሃ መሙላት፣ ከድኖ ሳይነቀነቅ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር። ጠዋት አረንጓዴው እንደ ቅባት ላይ ወጥቶ ቀለበት ከሠራ ሳይኖባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም፤ ህዋሱ ውስጥ ጋዝ የቋጠሩ ከረጢቶች ስላሉ ይንሳፈፋል። ከታች ከዘቀጠ ሌላ ዓይነት ዋቅላሚ ሳይሆን አይቀርም። እንጨት ሲነከርበት እንደ ፀጉር ተንጠልጥሎ የሚወጣው ደግሞ በአብዛኛው መርዝ የሌለው ክራም አረንጓዴ ነው። ይህ ፈተና ምን እንዳለ እንጂ ምን ያህል መርዝ እንዳለ አይናገርም።

12ኛው ናሙና አወሳሰድን አብራራ። እኔ እንደማየው ከጠቅላላው ክር በጣም የሚጠቅመው ይኸኛው ነው፤ የላብራቶሪ ቁጥር ከናሙናው አይበልጥምና። ነፋስ ስልባቦቱን ወደ አንድ ዳር ይገፋዋል፤ እዚያ ዳርና መሐል ሐይቅ ላይ ያለው መርዝ በሺህ እጥፍ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ናሙና፦ አንዱ ልጆቹ ከሚዋኙበት ከነስልባቦቱ፣ ሌላው ጋሪው ከሚቀዳበት ጥልቀት። ማይክሮሲስቲን ፕላስቲክ ላይ ስለሚጣበቅ ጠርሙሱ ቡናማ ብርጭቆ ይሁን፤ በደንብ የታጠበ የሽሮፕ ጠርሙስ ይበቃል። በረዶ ላይ፣ በጨለማ ይጓዛል፤ በ24 ሰዓት ካልደረሰ በረዶ እስኪሆን ይቀዘቅዛል፣ ሲረጋ እንዳይሰነጠቅ ሩቡ ባዶ ይተዋል። በማይክሮስኮፕ የሚቆጠረው ለብቻው ነው፤ ህዋሱን ሳይበላሽ የሚያቆየው የሉጎል አዮዲን የሚጨመረው በእሱ ላይ እንጂ በመርዝ ናሙናው ላይ አይደለም። ክሎሪን ከገባበት ውሃ የተወሰደ ከሆነ ክሎሪንን የሚያከሽፈው ሶዲየም ታዮሰልፌት ካልተጨመረበት ክሎሪኑ በመንገድ ላይ ሥራውን ይቀጥልና ውጤቱ ከእውነቱ ያነሰ ይመጣል።

13ኛው ቀጠለበት። የመርዙን መጠን የሚለካው ኤላይዛ የሚባል ምርመራ ላብራቶሪ ውስጥ ከመደረጉ በፊት ናሙናው ሦስት ጊዜ ቀዝቅዞ መቅለጥ አለበት፤ ህዋሱ ሳይፈነዳ ቢለካ የሚታየው የሟሟው መርዝ ብቻ ነው፣ ሪፖርቱም ንጹህ መስሎ ይመጣል። የኤላይዛ መለኪያ ጣሪያ በአብዛኛው በሊትር 5 ማይክሮግራም አካባቢ ነው፤ የስልባቦት ናሙና ሳይበረዝ ከገባ ከጣሪያው በላይ ነው ከሚል ቃል በቀር ምንም አያስተምርም።

ከ14ኛው እስከ 16ኛው ያሉት የቁጥር ሰዎች ናቸው። 14ኛው የዓለም ጤና ድርጅትን ገደቦች ደረደረ፦ ማይክሮሲስቲን በመጠጥ ውሃ ዕድሜ ልክ ለሚጠጣ በሊትር 1 ማይክሮግራም፣ ለአጭር ጊዜ 12፣ ለዋና 24። አንድ አንባቢ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ስለጠየቀ 15ኛው ስሌቱን ፈታው። በአይጥ ሙከራ ጉዳት ያልታየበት መጠን በቀን በኪሎ 40 ማይክሮግራም ነው። ለዕድሜ ልክ በ1000 ተካፍሎ 0.04 ይሆናል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ በቀን 2 ሊትር፣ ከመርዙ 80 በመቶው ከውሃ ይመጣል ተብሎ ሲሰላ 0.96፣ ማለትም 1። ለአጭር ጊዜ በ100 ተካፍሎ 0.4፤ ከውሃ ብቻ ይመጣል ተብሎ 12። ለዋና ደግሞ 15 ኪሎ የሆነ ልጅ ሲጫወት ሩብ ሊትር ይውጣል ተብሎ 24። 15ኛው እዚህ ላይ 14ኛውን አረመው፤ 12ቱ ለአዋቂ ነው እንጂ ለትምህርት ቤት ልጅ እንዳለ አይወሰድም። በጡጦ የሚመገብ 5 ኪሎ ሕፃን በቀን ሦስት አራተኛ ሊትር ሲጠጣ ወደ 3 ይወርዳል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ለሕፃናት ሌላ ውሃ መፈለግ ግድ ነው። 16ኛው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ያወጣው የአስር ቀን ገደብ 0.3፣ ከዚያ በላይ ላሉት 1.6 መሆኑን ጨመረና፣ ልዩነቱ መርዙ ሀገር ስለቀየረ ሳይሆን ሙከራውም የልጅ ክብደትና አጠጣጥም በሌላ መንገድ ስለተሰላ ነው አለ። የኩላሊት እጥበትንም አስታወሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ብራዚል ካሩዋሩ ውስጥ ማይክሮሲስቲን ያለበት ውሃ በቀጥታ ወደ ታካሚዎች ደም ገብቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ለእጥበት የተፈቀደ ገደብ የሚባል ነገር የለም።

17ኛው ከእስራኤል የሚጽፍ ይመስላል፤ 3ኛውን በአክብሮት ገሠጸው። ህዋሱን ሳይፈነዳ ማውጣት ይበቃል የሚለው ለማይክሮሲስቲን እንጂ ለሁሉም አይሠራም። በወንጌል የገሊላ ባሕር የምንለው ኪነሬት ላይ እ.ኤ.አ. በ1994 አፋኒዞሜኖን ኦቫሊስፖረም የሚባል ዝርያ በዝቶ ነበር፤ የእሱ መርዝ ሲሊንድሮስፐርሞፕሲን ነው። ይህ መርዝ ከሕያው ህዋስ ሳይቀር እየወጣ ውሃው ውስጥ ይሟሟል፤ የማይክሮሲስቲን ኤላይዛም አያየውም። ገደቡ ለዕድሜ ልክ 0.7 ነው። እንግዲህ መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ዝርያውን አይቶ፣ ከዚያ የትኛው መርዝ እንደሚለካ መወሰን ነው። 3ኛው ተመልሶ መጥቶ አመነለት፤ በዚህ ክር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

18ኛው የዋናውን ጥያቄ አነሳ። ጉልበት ድረስ ገብቶ የገዛ እግርን ማየት ካልተቻለ አይዋኝ የሚለው ቀላል መመሪያ በብዙ ሀገር ይሠራል፤ በስምጥ ሸለቆ ግን ላንጋኖም ቆቃም በደለል ምክንያት ድሮውኑ ድፍርስ ስለሆኑ ይህ መመሪያ ዝም ብሎ ሁሉን ይከለክላል ወይም ማንም አይሰማውም። እዚያ የሚታየው ቀለሙ ነው፤ ቡናማው ደለል ነው፣ የፈሰሰ አረንጓዴ ቀለም የመሰለው ሌላ ነው። ነፋስ ወደሚገፋበት ዳር ከመሄድ ነፋሱ ወደሚነሳበት ዳር መሄድ፤ ሕፃናትን ከስልባቦቱ ማራቅ፤ ከወጡ በኋላ በንጹህ ውሃ መታጠብና ልብሱን መለቅለቅ፣ ምክንያቱም ልብስ ውስጥ የተጠራቀመው ነው ቆዳን የሚያሳክከው። ማስመለስ፣ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ከመጣ ለሐኪሙ የዋኙበትን ሐይቅ መንገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ታይፎይድ ተብሎ ይታለፋል።

19ኛው ስለ ዓሣ ጠየቀ፣ 20ኛው መለሰ። ቆሮሶ ዋቅላሚውን ይመገበዋል፤ መርዙ በይበልጥ የሚከማቸው ጉበቱና አንጀቱ ላይ ነው። ሆድ ዕቃው በዚያው በጀልባው ላይ ወጥቶ ይጣል፤ ከነሆድ ዕቃው በረዶ ላይ ከተያዘ ሲቀልጥ ወደ ሥጋው ይሰርጻል። 21ኛው ጥፋቱን ወደ ላይ ገፋው፤ የአቃቂ ወንዝ የአዲስ አበባን፣ ሞጆ ደግሞ የቆዳ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ወደ አዋሽ እየጫኑ ፎስፈረሱን ለቆቃ ሲያበሉት ገበሬው ለምን በጨርቅ ያጥልል ይባላል አለ። ሐቅ ነው፤ ስምንት መስመር ቁጣ ተከተለው። ግን ለነገው የልጆች ውሃ አልጠቀመም።

22ኛው ወደ ጋሪው ተመለሰ። ከዳር ራቅ ብሎ፣ ከላዩ ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ መቅዳት። ቀድቶ እንዲያድር መተውና ከላይ ሳይሆን ከበርሜሉ ግርጌ በተሰካ ቧንቧ ማውረድ፤ ማይክሮሲስቲሱ ላይ ይንሳፈፋልና። ቀጥሎ ስምንት ድርብ ሆኖ በታጠፈ አሮጌ ነጠላ ማጥለል። ማይክሮሲስቲስ ተሰባስቦ ጉብታ ስለሚሠራ አብዛኛው ጨርቁ ላይ ይቀራል። ጨርቁን አይጨምቁት፤ የተጨመቀው አረንጓዴ ወዲያው ከስር ይወጣል። ዘንበል አድርገው ሌላ ቦታ ያራግፉትና በሌላ ውሃ ይታጠብ። ከዚያ በቀስታ የሚያጣራ የአሸዋ ማጣሪያ፤ በላዩ ላይ የሚበቅለው ሕያው ሽፋን መርዙን ራሱን ይበላዋል፤ ሽፋኑ እስኪጎለምስ ግን ሳምንታት ይወስዳል፣ ከደረቀም ይሞታል። የሺፈራው ፍሬ ዱቄትስ ላሉት፦ ድፍርሱን ያረጋል፣ ህዋሱንም በከፊል ያዘቅጣል፣ የሟሟ መርዝ ግን አይነካም፤ ዝቃጩም እንደ 5ኛው ማስጠንቀቂያ ሳይውል ሳያድር ይወገድ።

23ኛው ጠያቂው ራሱ ነው። ጠርሙሱን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሯል፤ ጠዋት ጣት የሚያህል አረንጓዴ ቀለበት ከላይ ነበር። ስለዚህ የሐይቁን ውሃ ትቶ ከዳሩ ራቅ ያለ የጉድጓድ ውሃ ለመጠቀም አስቧል፤ ሐሳቡን ብዙዎች ደገፉት፤ አሸዋና አፈር ራሱ ትልቅ ማጣሪያ ነውና።

24ኛው ግን አቆመው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይዱን ሳይለካ ለልጅ አይሰጥም። ገደቡ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በአካባቢው ከ10 በላይ የሚገኝበት ጉድጓድ አለ፤ ሰው ወደ ሐይቁ ውሃ የሚሮጠው በከንቱ አይደለም፣ የአካባቢውን ሽማግሎች ጥርስ ያየ ያውቀዋል። ፍሎራይድም ሲፈላ ይከማቻል። ሁለቱ መርዞች ግን ፍጥነታቸው ይለያያል፤ አንዱ በቀናት፣ ሌላው በዓመታት ነው የሚጎዳው። ስልባቦቱ እስኪያልፍ ለጥቂት ሳምንታት የጉድጓዱን ውሃ መጠጣትና ለዘለቄታው ፍሎራይዱን የሚያስቀር የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ሳይኖር መጠጣት አንድ አይደሉም። ክረምት ከጣራ የሚጠራቀም ውሃ ካለ ከሁለቱም ይሻላል።

25ኛው፣ ጠያቂው፣ ለፍሎራይዱም ያንኑ ቡናማ ጠርሙስ ይጠቀም እንደሆነ ጠየቀ። 26ኛው አይደለም አለ፤ ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር ስለሚዋሐድ ለእሱ ፕላስቲክ ነው፣ በረዶም አያስፈልገውም። የሐይቁ በብርጭቆ፣ በረዶና ጨለማ ውስጥ፤ የጉድጓዱ በግማሽ ሊትር ፕላስቲክ። ሁለቱም ላይ ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓትና ጥልቀት በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ በረዶው ሲቀልጥ ይጠፋል።